ሚዜ ልሆን ነው፣ ግን ሆዴ ባባ

ጥያቄ፦ «የ31 ዓመት ወንድ ነኝ። የልጅነት ጓደኛዬ ሊያገባ ነው። አንደኛ ሚዜ ሁነኝ ሲለኝ ሳላስብ እሺ አልኩ። ችግሩ፣ እኔና እጮኛዬ ከተለያየን ገና ዓመት አልሞላንም። ስለ ሠርጉ ሲያወራኝ ሆዴ ይባባል። አሁን አሁን ስልኩንም አላነሳም፤ ‹ሥራ በዝቶብኝ ነው› እያልኩ እሸሻለሁ። ሰሞኑን ‹ተቀይመኸኛል እንዴ?› ብሎ ጻፈልኝ። በዚያ ላይ ንግግር አድርግ ተብያለሁ፤ ሰው ፊት ስቆም ደግሞ እጄ ይንቀጠቀጣል። ይቅርብኝ ልበለው? ምቀኛ ሆኜ ይሆን?»

መልስ፦ ወንድሜ፣ ምቀኛ አይደለህም። ጓደኛህ እንዲከፋው አልተመኘህም። ሳይሆን ለቀረ ትዳርም ይታዘናል፤ ያንተ ሐዘን ደግሞ ገና ትኩስ ነው። ለሱ ደስ እያለህ ለራስህ ብታዝን ምንም ነውር የለበትም።

እኔን ያሳሰበኝ የስልኩ ነገር ነው። ጓደኛህ ሆድህ ውስጥ ያለውን አያውቅም። ምክንያቱን ካልነገርከው ራሱ ይፈጥርልሃል፦ ተቀይሞኛል፣ እጮኛዬን አልወደዳትም፣ ቀንቶብኛል። ስለዚህ ቶሎ አግኘውና ፊት ለፊት እንዲህ በለው፦ «በጣም ደስ ብሎኛል፣ ሚዜህም እሆናለሁ። ግን የኔ ነገር ገና አልወጣልኝም። አንዳንዴ ዝም ካልኩ ባንተ አይደለም።» ይበቃል። የመለያየታችሁን ታሪክ ከሀ እስከ ፐ አትዘርግፍለት፤ ሠርግ የደረሰበት ሰው የራሱ ጭንቀት አለው። ለዚያ ሌላ ጓደኛ ወይም ባለሙያ አማክር።

ከዚያ ሥራ ተቀበለው። ብዙ ሚዜዎች «የምትፈልገው ነገር ካለ ንገረኝ» ይላሉ። ደግ ንግግር ነው፤ የማሰቡ ሥራ ግን መልሶ ሙሽራው ላይ ይወድቃል። «ቀለበቱ እኔ ጋ ይሁን። ሹፌሮቹን እኔ እደውልላቸዋለሁ። በዕለቱ ስልክህን ስጠኝና የሚደውለውን ሁሉ እኔ ላናግር» ብትለው ግን እፎይ ይላል። ላንተም ይጠቅምሃል፤ እጅህ ሥራ ከያዘ በሐሳብ የምትብሰለሰልበት ጊዜ ያጥራል። በዕለቱ ድንገት ከከበደህ ወጣ ብለህ ተንፍሰህ ተመለስ። ከንግግሩ በፊት መጠጥ ግን ይቅር። የከፋው ሰው ሞቅ ሲለው ምን እንደሚያወራ አይታወቅም (ማይክ ይዞ ሲሆን ደግሞ አስበው)።

ፍርሃቱን በተመለከተ ደስ የሚል ወሬ አለኝ። ኬኔዝ ሳቪትስኪና ቶማስ ጊሎቪች የተባሉ የሥነ ልቦና ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2003 ባሳተሙት ጥናት፣ ንግግር የሚያደርጉ ሰዎች ጭንቀታቸው ከእውነቱ ይልቅ ጎልቶ የሚታይ ይመስላቸው ነበር። ይህ አስቀድሞ የተነገራቸው ደግሞ የተሻለ ንግግር አደረጉ። ይኸው አንተም ሰማህ።

ሦስት ደቂቃ አትለፍ። አንድ ታሪክ ብቻ ምረጥ፤ የሙሽራውን ደግነት የሚያሳይ፣ ሙሽሪትም ቤተሰቦቿም ሲሰሙት የማያፍሩበት። የድሮ ፍቅረኛ አይነሳ፣ የሱም ያንተም። ጽፈህ ጮክ ብለህ ተለማመደው። ስስ ወረቀት የእጅን መንቀጥቀጥ ስለሚያሳብቅ ጠንከር ያለ ካርድ ላይ ገልብጠው።

ይህን ሁሉ ሞክረህ እንቅልፍ እስከማጣት ከደረስክ፣ ይቅርብኝ ማለት ይቻላል። ግን ሌላ ሰው ለመተካት ጊዜ እያለው ይሁን፤ ሠርጉ ሳምንት ሲቀረው አይሆንም። ከባዱ ንግግሩ ብቻ ከሆነ ደግሞ እሱን ለሌላ ጓደኛ ስጥና ሚዜነቱን ያዝ።