አሮጌውን አትንኪው፤ እጅሽ ካልተቀመጠ አዲስ ሥሪ

እህቴ፣ በቡድናችን የለጠፍሽውን ጥያቄ ሁለት ጊዜ ደጋግሜ አነበብሁት። አጎትሽ ከለንደን ሲመጣ ከእርሳስ ብረት ተሠርተው በሚያብረቀርቅ ቀለም የተቀቡ ስምንት አሮጌ የአሻንጉሊት ወታደሮች ይዞልሽ መጥቷል፤ የሦስቱ ቀለም ተላልጧል፣ የአንዱ ራስ ከአንገቱ ወድቋል። «ቀለም ልቀባቸው ወይስ እንዳሉ ልተዋቸው? ደግሞስ ቡሬ ተቀምጦ ይህን ነገር መሰብሰብ ይቻላል ወይ?» ብለሻል። ከእኔ በፊት የመለሱልሽ ሰዎች «አድሻቸው» ብለውሻል። እኔ ግን እለምንሻለሁ፣ ብሩሹን አስቀምጪው።

ይህን የምልሽ ከራሴ ጥፋት ተነሥቼ ነው። የመጀመሪያዬን ወታደር ያገኘሁት መርካቶ ምናለሽ ተራ ነው፤ ከአሮጌ ቁልፎችና ከዛጉ ብሎኖች መካከል ተጋድሞ ነበር። ጦር የያዘ ፈረሰኛ ነው፣ ቀኝ እጁ የለም። ሻጩ ምን እንደሆነ ስለማያውቅ ከሁለት የበር ማጠፊያ ጋር ደርቦ ሰጠኝ። ደብረ ማርቆስ እንደገባሁ በዚያው ምሽት ቀለሙን በአሴቶን አጥቤ ጣልሁት። ሰማያዊ ኮት፣ ጉንጩ ላይ ቀላ ያለች ነጥብ፣ ከጸጉር የቀጠነ ጥቁር ጢም ነበረው፤ ሁሉም በጥጥ ተጠርጎ ሄደ። በማግስቱ አዲስ ቀለም ቀባሁት። ሲደርቅ ሳየው የእኔ እጅ ሥራ ሆኖ ቀርቷል፤ የዚያ ዘመን ሰው እጅ ከላዩ ጠፍቷል። እስከ ዛሬ መደርደሪያዬ ላይ አለ፣ ጥፋቴን እንዲያስታውሰኝ ፊቱን ወደ እኔ አዙሬ አቁሜዋለሁ።

ነገርን ከሥሩ ውሃን ከጥሩ ነውና የያዝሽው ምን እንደሆነ ልንገርሽ። በ19ኛው መቶ ዓመት የአሻንጉሊት ወታደር ገበያ በብዛት በጀርመኖች እጅ ነበር። ከኑረምበርግ የሚወጡት እንደ ቅጠል ስስና ጠፍጣፋ ነበሩ፤ ሙሉ አካል ያላቸው ደግሞ ውስጣቸው ድፍን ስለነበር ብዙ ብረት ይበሉ ነበር። በ1893 እ.ኤ.አ. እንግሊዛዊው ዊልያም ብሪተን ውስጠ ባዶ አድርጎ የመሥራት ዘዴ ይዞ መጣ። ዘዴው ሲነገር ቀላል ነው፣ ለእጅ ግን ፍጥነት ይጠይቃል። የቀለጠው የእርሳስ ቅይጥ ቅርጽ ማውጫው ውስጥ ይፈስሳል፤ ግድግዳውን የነካው ቀድሞ ይረጋል፤ መሐሉ ገና ፈሳሽ እንዳለ ቅርጽ ማውጫው ተገልብጦ ትርፉ ይደፋል። የሚቀረው እንደ እንቁላል ቅርፊት ያለ ሰው ነው። ብረቱ ስላነሰ ዋጋው ረከሰ፣ ጀርመኖቹም ገበያቸውን ተነጠቁ። ዊንስተን ቸርችል በልጅነቱ 1,500 ገደማ ወታደሮች እንደነበሩት ራሱ ጽፏል፤ የሀብታም ልጅ ነውና አይገርምም፣ የብሪተን ሥራ ግን ሳጥን አንድ ሳጥን ሁለት እያለ ተራው ቤት ድረስ ገባ።

ስምንት መሆናቸውንም በአጋጣሚ አትዪው። የብሪተን መደበኛ ሳጥን ብዙውን ጊዜ ስምንት እግረኛ ወይም አምስት ፈረሰኛ ይይዝ ነበር። ቀይ ኮትና ረጅም ጥቁር የጸጉር ቆብ አላቸው ስላልሽ የእንግሊዝ ንጉሣዊ ዘበኞች ናቸው። እንግዲህ ምናልባት ሙሉ ሳጥን ይዘሻል። አጎትሽን ቀይ የካርቶን ሳጥን አብሮ እንደነበር ጠይቂው፤ ካለ፣ ቢቀደድም ቢጨማደድም እንዳይጥለው ንገሪው። ሳጥኑ ያለው ስብስብና ሳጥን የሌለው በገበያ ላይ አንድ ዓይነት ዋጋ የላቸውም። ከዚያ መቆሚያቸውን ገልብጠሽ እዪ። ስም ወይም ዓመት ተቀርጾ ይሆናል፤ ዓመት ካገኘሽ ግን ያ ዓመት ቅርጹ በሕግ የተመዘገበበት እንጂ ያንቺ ወታደር የተሠራበት አይደለም። አንዱን ቅርጽ ለዐሥርተ ዓመታት ያፈስሱበት ነበር። ብዙ ጀማሪ እዚህ ላይ ይሸወዳል፣ ሻጩም እያወቀ ዝም ይላል። በ1966 እ.ኤ.አ. የብሪተን ኩባንያ የእርሳስ ሥራውን አቁሟል፤ ለልጅ መጫወቻ እርሳስ መርዝ መሆኑ ሕግ አስወጥቶበታልና።

መርዝነቱን ካነሣን፣ ከነካሻቸው በኋላ እጅሽን በሳሙና ታጠቢ። ቤት ውስጥ ትንሽ ልጅ ካለ ከፍ ያለ ቦታ አስቀምጪያቸው፤ ልጅ ሁሉን ነገር የሚመረምረው በአፉ ነው። «ከመኪና ባትሪ እርሳስ አውጥተህ አቅልጥ» የሚሉ ሰዎች በዚሁ ቡድን አይቻለሁ። እርሳስ የሚቀልጠው በ327 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ነው፤ የከሰል ምድጃ ይበቃዋል ብለው ነው የሚደፍሩት። የባትሪ እርሳስ ግን አሲድና ሌላም ርኩስ ነገር የጠጣ ነው። እናትሽ ሽሮ በምትሠራበት ጓዳ ይህን አድርገሽ እንዳትገኚ።

ሁለተኛው ጥፋቴ የሳጥን ነው። እኛ ጎጃሞች የከበረ ነገር ካለን ዋንዛ ሳጥን ውስጥ እንቆልፋለን፤ እኔም አያቴ የተወችልኝን ሳጥን አጽድቼ፣ ውስጡን ቫርኒሽ ቀብቼ፣ ስድስት ወታደሮቼን በጨርቅ ጠቅልዬ ክረምቱን ሙሉ ዘጋሁባቸው። መስከረም ላይ ስከፍት ሁለቱ ዱቄት እንደተነፋባቸው ግራጫ ሆነዋል። እንጨት፣ በተለይ በቅርቡ የተጠረበ ወይም ቫርኒሽ የተቀባ፣ የአሲድ ተን ያወጣል፤ እርጥበት ሲጨመርበትና አየር ሲታፈን እርሳሱን እየበላ ወደ ነጭ ዱቄት ይለውጠዋል። አንዴ የተበላ እግር ተመልሶ እግር አይሆንም። አሁን የእኔዎቹ የሚቆሙት በብረትና በመስታወት መደርደሪያ ላይ ነው፣ መስታወቱም ጥብቅ አድርጎ አይዘጋም፣ ፀሐይ በቀጥታ አይደርስበትም። አንቺም አንዱ ላይ ነጭ ዱቄት ካየሽ ከሌሎቹ ለይው፤ ዱቄቱን በአፍሽ እፍ እንዳትይ፣ በረጠበ ጨርቅ ጠርገሽ ጨርቁን ጣይው።

ወደ ማብረቅረቁ እንምጣ፤ «አብረቅራቂው የልጅ ነገር ይመስላል፣ ደብዛዛው እውነተኛ ሰው ይመስላል» ብለሻልና። ስትዪው ልክ ነሽ፣ ስትንቂው ግን አልስማማም። ደብዛዛውን የሚወዱ ሰዎች ጥላ ይሰጡታል፣ ጫማው ላይ ጭቃ ይስሉበታል፣ ኮቱን ያረጁታል። ሥራቸውን አከብራለሁ። አብረቅራቂው ግን ሌላ ዓይን ነው፤ ጥላ የለውም፣ ቀዩ ቀይ፣ ሰማያዊው ሰማያዊ ነው፣ ዓይኑ ነጥብ፣ ቅንድቡ ሰረዝ ነው። ይህን ዓይን ደግሞ እኛ ከማንም በፊት እናውቀዋለን። ዘጌ ሄደሽ ዑራ ኪዳነ ምሕረት ገብተሽ ታውቂያለሽ? መቅደሱን የከበቡት ሥዕሎች ላይ ጥላ የት አለ? ቅዱሱ ሙሉ ፊቱን ሰጥቶ በሁለት ዓይኑ ያይሻል፣ ክፉው በጎኑ ዞሮ አንድ ዓይን ብቻ ይተርፈዋል። የዐድዋ ሥዕሎችም በዚሁ ሕግ ነው የተሣሉት፤ የእኛ ሰው በሙሉ ፊት፣ ጣሊያኑ በአንድ ዓይን። አብረቅራቂ ወታደር ለጎጃም ሰው እንግዳ የሚሆነው በብረቱ እንጂ በሥዕሉ አይደለም።

«ቡሬ ሆኖ ይቻላል ወይ» ላልሽው መልሴ እዚህ ጋ ይጀምራል። አሮጌ የእንግሊዝ ሥራ ቡሬ ገበያ አይመጣም፤ ከዘመድ እጅ፣ አልፎ አልፎ ከአዲስ አበባ አሮጌ ዕቃ ሻጮች ነው። በዓመት አንድ ካገኘሽ ቀንቶሻል። መሥራት ግን ትችያለሽ፣ ማብረቅረቅ ደግሞ ለእኛ ርካሹ መንገድ ነው። ደብዛዛ ቀለምና የሠዓሊ ብሩሽ ፍለጋ አዲስ አበባ ያስኬዳል፤ የበርና የመስኮት ኢናሜል ቀለም ግን የሕንፃ መሣሪያ የሚሸጥበት ሱቅ ሁሉ አለ፣ በተፈጥሮውም ያብረቀርቃል። ቀይ፣ ቢጫ፣ ጥቁር፣ ነጭና ሰማያዊ በትንሿ ጣሳ ከገዛሽ ለአንድ ሻለቃ ጦር ይበቃሻል።

እኔ አካሉን የምሠራው ከመዳብ ሽቦና ከሁለት ቱቦ ተቀላቅሎ ከሚጠነክር የኢፖክሲ ሊጥ ነው። ሽቦውን አጣምሜ አጽም አወጣለሁ፣ ሊጡን በእርጥብ ጣት እየለጠፍሁ ሥጋ አለብሰዋለሁ። ሕፃን ሆነን ከወንዝ ዳር ጭቃ በሬና ላም ስንሠራ የነበረው እጅ ነው፣ ሌላ ተአምር የለውም። ልኩን ግን አትልቀቂ። የተለመደው የአብረቅራቂ ወታደር ቁመት 54 ሚሊ ሜትር ነው፤ ይህም አንድ ሠላሳ ሁለተኛ ልክ ነው፣ 1 ሜትር ከ73 ሴንቲ ሜትር የሆነ ሰው ማለት ነው። ሁሉን ነገር ለ32 አካፍዪ። አባቶቻችን ውጅግራ የሚሉት የፈረንሳዩ ግራ ጠመንጃ 1 ሜትር ከ30 ሴንቲ ሜትር ገደማ ይረዝማል፤ ሲካፈል 41 ሚሊ ሜትር ይሆናል። የጎረቤቴን የአያት ጋሻ ለካሁት፣ ወርዱ 56 ሴንቲ ሜትር ነው፤ የእኔ አርበኛ ጋሻ ስለዚህ ከአሥራ ሰባት ሚሊ ሜትር ትንሽ ያልፋል። ጀማሪ ሁሉ ጠመንጃውን ያሳጥራል፤ ውጅግራ በሰው ትከሻ ላይ ረጅም ነገር መሆኑን ዓይናችን ረስቶታል።

ዓይን የምሥለው በአጋም እሾህ ነው። አትሣቂ። የገዛኋቸው ብሩሾች ሁሉ ጫፋቸው እየተከፈለ ወታደሮቼን ዐይነ ሽውራራ አደረጉብኝ። ከደረቀ አጋም አንድ እሾህ ቆርጬ፣ ጫፉን ጥቁር ኢናሜል አስነክቼ፣ መጀመሪያ ጥፍሬ ላይ አንድ ጊዜ ጠቅ አድርጌ ትርፉን አራግፋለሁ፤ ከዚያ ትንፋሼን ይዤ ፊቱን ጠቅ። አንድ ጠብታ፣ ሁለተኛ አይደገምም። ፊታችንን ለመቀባት ደግሞ ቡናማ ብቻ አትግዢ፤ ቀይና ቢጫ ቀላቅለሽ ጥቁሩን በእሾህ ጫፍ ጨምሪበት፣ ለእያንዳንዱ ሰው ጥቂት ለየት አድርጊው። ጉንጩ ላይ የእንግሊዙ ሠራተኛ ሮዝ ያስቀምጥ ነበር፤ እኔ ጠቆር ያለ ቀይ አስቀምጣለሁ።

ምን ትሠሪያለሽ ካልሽኝ፣ ሩቅ አትሂጂ። በ1928 ዓ.ም. አካባቢ፣ ጦርነቱ ዓለምን ሲያነጋግር፣ የብሪተን ኩባንያ የንጉሠ ነገሥቱን ክብር ዘበኛና የኢትዮጵያን ተዋጊዎች ሠርቶ ሸጧል፤ የጣሊያን ወታደርም ጎን ለጎን ሸጧል፣ ነጋዴ ነውና። እኔ በፎቶግራፍ እንጂ በእጄ ይዣቸው አላውቅም። የእኔ መደርደሪያ ላይ ያለው የ1933 ዓ.ም. ጎጃም ነው። ንጉሠ ነገሥቱ ጥር 12 ቀን በኦሜድላ ገቡ፣ መጋቢት 28 ቀን ደብረ ማርቆስ ደረሱ፤ በዚያችው ቀን አዲስ አበባም ከጣሊያን እጅ ወጣች። በመካከሉ የነበረው መንገድ ያንቺን ቡሬ ያቋርጣል። አብሯቸው የዘመተው የእንግሊዛዊው መኮንን የዊንጌት «ጌዴዎን ጦር» ስንቁን የጫነው በብዙ ሺህ በሚቆጠሩ ግመሎች ነበር፤ ደጋው አልስማማ ብሏቸው አብዛኞቹ በየመንገዱ አልቀዋል። እኔ እስካሁን አራት ግመል ሠርቻለሁ፣ አንዷ ተኝታለች።

አርበኛ ስትሠሪ ጸጉሩን አጎፍሪው፣ ዝናሩን በወገቡ ላይ አዙሪለት፣ እግሩን ባዶ አድርጊው። ፈረሰኛ ከሠራሽ ደግሞ እርካቡን እዪ፤ የፈረንጅ ፈረሰኛ ሙሉ ጫማውን ነው የሚያስገባው፣ የእኛ የድሮ ፈረሰኛ ግን በአውራ ጣቱ ብቻ የሚይዛት ትንሽ ቀለበት ነበረችው። ጥር 23 እንጅባራ ወርደሽ የሰባት ቤት አገው ፈረሰኞችን በዓል እዪ፤ ኮርቻውን፣ የልጓሙን ጌጥ፣ ፈረሱ ሲያቆሙት አንገቱን እንዴት እንደሚሰብር ንድፍ አንሺ። እኔ ከመጽሐፍ ሥዕል ይልቅ ከዚያ ሜዳ የተማርሁት ይበልጣል።

የወደቀውን ራስ ብቻ አንቺ ልትጠግኚ ትችያለሽ፤ ይህ ጥገና ከአሮጌዎቹ ሰብሳቢዎች ጀምሮ የነበረ ነው፣ ቀለምም አይነካም። አካሉ ውስጠ ባዶ ነው ብዬሻለሁ፤ አንገቱም ክፍት ነው። የክብሪት እንጨት ቁረጪ፣ ጫፉን አሹለሽ ግማሹን አካሉ ውስጥ፣ ግማሹን ራሱ ውስጥ አስገቢ። ሙጫ አትጨምሪ፤ እንጨቱ ጠበቅ ብሎ ከገባ ይበቃዋል፣ ነገ የሚሻል ጠጋኝ ቢመጣ ያለ ጉዳት ያወጣዋል። ከዚያ በፊት ግን የስምንቱንም መቆሚያ ከሥር በቀን ብርሃን ፎቶግራፍ አንሥተሽ እዚሁ ለጥፊው፤ ጽሑፉን ካየን በኋላ ስለ ዕድሜያቸው እንነጋገራለን።