መሪው ሲከብድ ከጎማው ጀምሩ

በረዶ በሚጥልበት አገር ብርዱ ሲገባ «ጠዋት ጠዋት መሪው አልዞር አለኝ» የሚል ሰው ይበዛል። ጋራዥ ሲሄድ የመሪው ፓምፕ፣ ሲብስም መላው የመሪ ሳጥን ይቀየር ሊባል ይችላል። ወገኖች፣ እዚያ ከመድረሳችሁ በፊት የጎማችሁን ንፋስ ለኩ። ንፋሱ የጎደለ ጎማ መሬት ላይ ስለሚተኛ መሪውን ያከብደዋል፤ ብርድ ደግሞ ንፋስ ያጎድላል።

የአየሩ ሙቀት በ5 ወይም በ6 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በወረደ ቁጥር ጎማው 1 ፒኤስአይ (የጎማ ንፋስ ግፊት መለኪያ) ገደማ ያጣል። 20 ዲግሪ ላይ 35 የተሞላ ጎማ፣ ከዜሮ በታች 10 ዲግሪ ሲሆን ሚስማር ሳይነካው 30 አካባቢ ይወርዳል። ዳሽቦርዱ ላይ ያለውን የጎማ መብራት ጠብቆ መሙላትም አያዋጣም፤ በብዙ መኪኖች የሚበራው ንፋሱ ከ20 እስከ 25 በመቶ ከጎደለ በኋላ ነው። 35 መሆን ሲገባው 30 በሆነ ጎማ ምንም ሳይበራ ክረምቱን ልትጨርሱ ትችላላችሁ።

ልኬቱ የሚታመነው ጎማው ቀዝቃዛ ሲሆን ነው፤ ማለትም መኪናው ቢያንስ 3 ሰዓት ቆሞ ከዋለ ወይም ካደረ በኋላ። ትክክለኛው ቁጥር የሹፌሩ በር ሲከፈት የበሩ ምሰሶ ላይ በተለጠፈው ወረቀት ወይም በመኪናው መመሪያ ውስጥ ይገኛል። ጎማው ጎን ላይ የተጻፈው ጎማው የሚችለው የመጨረሻ ልክ ስለሆነ በእሱ አትሙሉ። መኪናው የሚያድረው በሚሞቅ ጋራዥ ውስጥ ከሆነ፣ በውስጥና በውጭ መካከል ላለው እያንዳንዱ የ5 ወይም የ6 ዲግሪ ልዩነት 1 ፒኤስአይ ጨምሩ። ጠዋት በርቶ ትንሽ ከተነዳ በኋላ የሚጠፋ መብራት ተስተካከለ ማለት አይደለም፤ ጎማው ስለሞቀ ብቻ ነው። ሞተር ሲነሳ ለአንድ ደቂቃ ያህል ብልጭ ድርግም ብሎ ከዚያ በርቶ የሚቀር ከሆነ ግን ጉዳዩ የንፋስ ሳይሆን የሴንሰር ነው። «በረዶ ላይ እንዲይዝ ንፋስ ቀንሱ» የሚለውን ምክር ለመደበኛ መንገድ እርሱት።

ንፋሱ ልክ ሆኖም መሪው ከከበደ ኮፈኑን ክፈቱ። ክዳኑ ላይ የመሪ ምልክት ያለበት ትንሽ የዘይት ዕቃ ካለ መሪው በዘይት የሚሠራ ነው። ዘይት ሲቀዘቅዝ ይወፍራል፣ ፓምፑም ለመጀመሪያዎቹ ጥቂት ደቂቃዎች ያጉረመርማል። ሲሞቅ የሚተው ከሆነ አትጨነቁ። ካልተወ መጠኑን እዩ፤ ሁለት መስመር ካለው ለቀዝቃዛ ሞተር የተሰመረውን ተከተሉ። የመሪ ዘይት እየነደደ የሚያልቅ ነገር አይደለም፤ ከጎደለ የሚያፈስ ቦታ አለ። ቱቦዎቹ የሚገናኙበትንና የመሪ ሳጥኑ ጫፎች ላይ ያሉትን የላስቲክ ሽፋኖች በእጃችሁ ዳብሱ፤ በብርድ የደረቀ ጎሚኒ (ዘይት እንዳይፈስ የሚያግድ ላስቲክ) መጀመሪያ የሚያልበው እዚያ ነው። የምትጨምሩት መመሪያው የሚለውን ዓይነት ብቻ ይሁን፤ የማይስማማ ዘይት ጎሚኒዎቹን ይበላል።

ዘይቱ አረፋ ከያዘ አየር ገብቶበታል። የፊት ጎማዎቹን በክሪክ አንስታችሁ በማቆሚያ ላይ አሳርፉ፣ ሞተሩ ሳይነሳ ክዳኑን ከፍታችሁ መሪውን ከዳር እስከ ዳር ቀስ እያላችሁ ከ15 እስከ 20 ጊዜ አዙሩ፤ በየመሃሉ የጎደለውን ሙሉ። አረፋው ተመልሶ ከመጣ አየር የሚስብ ቱቦ አለ። መሪው ሲዞር ሲጥ የሚል ድምፅ ከሰማችሁ ደግሞ ፓምፑን የሚያዞረውን ቺንጊያ ተመልከቱ፤ ላልቷል ወይም አልቋል። መሪውን መጨረሻ ድረስ ጠምዝዞ ከጥቂት ሰከንድ በላይ መያዝ በማንኛውም ወቅት ፓምፑን ይጎዳል፣ ዘይቱ በወፈረበት ጠዋት ይብሳል።

የዘይት ዕቃ ከሌለ መሪው ብዙውን ጊዜ በኤሌክትሪክ ነው፤ ያኔ ተጠርጣሪው ባትሪ ነው። ከዜሮ በታች 18 ዲግሪ ላይ ባትሪ ከአቅሙ ግማሽ ያህሉን ሊያጣ ይችላል። መኪናው ካደረ በኋላ ሞተር ሳታስነሱ ለኩ፦ 12.6 ቮልት ሙሉ ነው፣ ከ12.4 በታች ቻርጅ ይፈልጋል። ሞተሩ ሲሠራ ብዙውን ጊዜ ከ13.7 እስከ 14.7 መሆን አለበት። ባትሪው ሲደክም የመሪ መብራት በርቶ መሪው ሊደርቅ ይችላል፤ የመሪ ሞተር ከመቀየር በፊት ባትሪውንና የነጣውን ተርሚናል ማየት ይሻላል።

መኪናው በፍጥነት መንገድ ላይ መንቀጥቀጥ ከጀመረም ለባላንስ አትቸኩሉ። ቸርኬው ውስጥ የተጋገረ በረዶ ጎማውን ሚዛን ያሳጣዋል፤ ሲታጠብ ይለቃል። በጎማው ዙሪያ የተከመረ በረዶም መሪው ሙሉ በሙሉ እንዳይዞር ያግዳል። በመዶሻ ወይም በእርግጫ አትምቱት፤ የውስጡ ፕላስቲክ በብርድ ይሰባበራል። ካደረ በኋላ ለመጀመሪያዎቹ ኪሎሜትሮች የሚሰማ ዱብ ዱብ ግን ጎማው በቆመበት ጠፍጠፍ ማለቱ ነው፤ ሲሞቅ ይመለሳል።

ከከበደ መሪ ይልቅ ድንገት የቀለለ መሪ ያስፈራል። ጎማው መንገዱን ለቆ በረዶ ላይ እየተንሸራተተ ነው። እግራችሁን ከነዳጅ አንሱ፣ ፍሬን አትምቱ፣ መሪውንም ጨምራችሁ አትጠምዝዙ፤ ጎማው እስኪይዝ ትንሽ መለስ አድርጉት።

እዚህ ላይ ቁም ነገሩ ጎማው ራሱ ነው። የበጋ ጎማ ከ7 ዲግሪ በታች መድረቅ ስለሚጀምር፣ በረዶ ባይኖርም የመያዝ ኃይሉ ይቀንሳል። ስትገዙ በበረዶ ላይ ተፈትኖ ያለፈ ጎማ የሚያገኘውን ባለ ሦስት ጫፍ ተራራና የበረዶ ቅንጣት ምልክት ፈልጉ፤ «ኤም ፕላስ ኤስ» (M+S) ብቻ የተጻፈበት ያንን ፈተና አለፈ ማለት አይደለም። አራቱንም ቀይሩ። ለቁጠባ ብሎ ሁለት ብቻ ከፊት ማሰር የኋላው ተንሸራቶ መኪናው እንዲሽከረከር ያደርጋል። የጥርሱ ጥልቀት ከ4 ሚሊሜትር ከወረደ በረዶ ላይ ብዙም አይረዳም። ያገለገለ ስትገዙ ጎኑ ላይ ዲኦቲ (DOT) ከሚሉት ፊደላት ቀጥሎ ያሉትን የመጨረሻ 4 አሃዞች አንብቡ፤ 3521 ማለት በ2021 በ35ኛው ሳምንት የተሠራ ነው። ጎማው ከተቀየረ በኋላ ከ50 እስከ 100 ኪሎሜትር እንደነዳችሁ ብሎኖቹን በመመሪያው ልክ በቶርክ መፍቻ (የማጥበቂያውን ኃይል በሚለካ መፍቻ) አስጠብቁ።