የልጅ ሠዓሊ ሊቶግራፍ ልትገዙ ላሰባችሁ

ልጆቼ፣ ዕድሜዬን የጨረስኩት ማተሚያ ቤት ነው። ጡረታ ከወጣሁ ወዲህ ፒያሳ ቡና ስጠጣ አንዳንዶቻችሁ ስልካችሁን እያሳያችሁ «ጋሼ፣ ይሄን ልግዛው?» ትሉኛላችሁ። ሰሞኑን የታየኝ ዘመድ ከአሜሪካ ሊያመጣው የተስማማ የአሌክሳንድራ ኔኪታ ሊቶግራፍ፣ ማለትም ድንጋይ ላይ ተሥሎ ወረቀት ላይ የታተመ ሥዕል ነው፤ ፊርማም ቁጥርም አለው። ሠዓሊዋ በ1985 እ.ኤ.አ. ሩማንያ ተወልዳ ካሊፎርኒያ ያደገች ናት፤ በ8 ዓመቷ የግል ኤግዚቢሽን አሳይታ ከፒካሶ ጋር ሲያነጻጽሯት ነበር።

እኔ የምላችሁ፣ መጀመሪያ ዕድሜዋን እርሱት። ልጅ ያድጋል፤ እሷም ዛሬ ትልቅ ሴት ናት። ግድግዳችሁ ላይ የሚቀረው ሥዕሉ ነው። የደብረ ብርሃን ሥላሴን ጣሪያ ቀና ብሎ እያየ የመላእክቱ ሠዓሊ ስንት ዓመቱ ነበር ያለ ሰው እስካሁን አልገጠመኝም።

ቀጥሎ ወረቀቱን እዩ። አሎይስ ዜነፌልደር በ1796 እ.ኤ.አ. ገደማ ጀርመን፣ ባቫርያ ውስጥ የጀመረው የሊቶግራፍ ዘዴ ቀላል ነው፦ ስብ ባለው ቀለም ድንጋይ ላይ ይሣላል፣ ድንጋዩ ይረጥባል፤ ውሃና ስብ ስለማይዋደዱ የኅትመት ቀለሙ የሚይዘው የተሣለውን ብቻ ነው። ማተሚያ ቤቶች ብዙ የሚጠቀሙበት ኦፍሴትም የዚሁ ዘዴ ልጅ ስለሆነ ተራ ፖስተርን «ሊቶግራፍ» ብለው የሚሸጡ አሉ። በማጉያ መነጽር ተመልከቱት። ሰማያዊ፣ ቀይ፣ ቢጫና ጥቁር ነጥቦች በረድፍ ከተደረደሩ ከፎቶ የታተመ ነው። ከድንጋይ የወጣው መስመር ግን ሻካራ ነው፣ ረድፍ የለውም።

ፊርማው አብዛኛውን ጊዜ ከሥዕሉ በታች ኅዳጉ ላይ በእርሳስ ይጻፋል። ወረቀቱን ወደ መስኮት ብታዘነብሉት እርሳሱ ያብረቀርቃል፣ የተጫነበትም ይታያል። አብሮ የታተመ ፊርማ ግን ለጥ ያለ ነው። 45/250 ማለት ከ250ው 45ኛው ማለት ነው፤ ቁጥሩ ስላነሰ ሥዕሉ አይበልጥም። «ኤ.ፒ.» የተባሉት የሠዓሊው ቅጂዎች ከዚያ ቆጠራ ውጭ ስለሆኑ ስንት እንደታተሙ ጠይቁ። የምስክር ወረቀት ብቻውን አያሳምናችሁ፤ እንዲህ ያለውን ማተም ለእኛ የግማሽ ቀን ሥራ ነበር።

ከገዛችሁት ኅዳጉን ለፍሬም ብላችሁ እንዳታስቆርጡ፣ ላሚኔትም እንዳታስደርጉ። ከጀርባው አሲድ የሌለው ካርቶን ይሁን፤ መስታወቱም ወረቀቱን አይንካው። ክረምት ላይ እርጥበት ከሚስበው የድንጋይ ግድግዳ፣ በበጋም ፀሐይ ከሚገባበት መስኮት አርቁት። ልሸጠው የሚል ካለ ደግሞ ሻጩ የሚጠራውን ዋጋ ትቶ በጨረታ በስንት እንደተሸጠ ይፈልግ።