ሽንቴ ላይ «ሃያሊን» ተገኘ፤ ኩላሊቴ አለቀ ማለት ነው?

ጥያቄ፦ ዶክተር፣ ወገቤን ካመመኝ ሦስት ሳምንት ሆነኝ። ዳይክሎፌናክ የሚባል የሕመም ማስታገሻ እየገዛሁ ስውጥ ቆየሁና ሽንት ተመረመርኩ። ውጤቱ ላይ «ሃያሊን ካስት 1–2» ይላል። ትርጉሙን ስፈልግ «መስታወት የመሰለ» የሚል አገኘሁ። ኩላሊቴ ምን እየሆነ ነው? ሐኪም ጋ መመለስ ፈራሁ።

መልስ፦ ኩላሊትዎ መስታወት እየሆነ አይደለም። ይረጋጉ።

ሃያሊን የበሽታ ስም አይደለም፣ የመልክ ስም ነው። ቃሉ የመጣው መስታወት ከሚለው የግሪክ ቃል ነው። በማይክሮስኮፕ ስናየው ጥርት ብሎ ብርሃን የሚያሳልፈውን ነገር እንዲህ እንለዋለን። የመገጣጠሚያዎን ጫፍ የሚሸፍነው ልም አጥንትም ሃያሊን ይባላል። ካስት ደግሞ በኩላሊት ቀጫጭን ቱቦዎች ውስጥ ረግቶ የቱቦውን ቅርጽ ይዞ የሚወጣ ፕሮቲን ነው። ውሃ ያነሰው፣ ስፖርት የሠራ ወይም ያተኮሰው ጤነኛ ሰውም ላይ ይታያል። አንድ ሁለት መገኘቱ ብቻውን አያስደነግጥም።

እኔን ያስደነገጠኝ ሌላ ነው። ወገብ ባመመ ቁጥር «ኩላሊቴ ነው» የሚባል ነገር አለ። አብዛኛው የወገብ ሕመም ግን ከጡንቻና ከአከርካሪ ነው። ጎንበስ ቀና ሲሉ የሚብስ ከሆነ ኩላሊትዎን አይጠርጥሩ። የኩላሊት ሕመም የሚሰማው ከፍ ብሎ፣ ከጎድን አጥንት በታች በጎን በኩል ነው፤ አቀማመጥ ስለቀየሩም አይለቅም። ደግሞ ቀስ በቀስ የሚደክም ኩላሊት ብዙ ጊዜ ጭራሽ አያምም። ለዚህ ነው ሰው ሳያውቀው የሚቆየው። ስለዚህ ሕመሙን እየተከተሉ ኩላሊትዎን መጠበቅ አይችሉም።

ኩላሊቴን ብለው ፈርተው ኩላሊት የሚጎዳ መድኃኒት ሦስት ሳምንት ዋጡ! ዳይክሎፌናክም አይቡፕሮፌንም ወደ ኩላሊት የሚሄደውን ደም ይቀንሳሉ። በተለይ ሰውነት ውሃ ባጠረው ጊዜ ይጎዳሉ። ማን አዘዘልዎት? ዛሬውኑ ያቁሙ። በሌላ ማስታገሻም በራስዎ አይተኩት።

ሐኪምዎ ጋ ይመለሱ። የደም ግፊት ይለካሉ፣ ኩላሊት ከደም የሚያጣራው ክሬቲኒን የሚባል ቆሻሻ መጠኑ በደም ይታያል፣ ሽንትዎ ላይ ፕሮቲን መኖሩ ይጣራል። በአብዛኛው መልካም ዜና ነው የሚሰሙት። ነገር ግን ሽንትዎ ደም ወይም ኮካ ኮላ ከመሰለ፣ ፊትዎ ወይም እግርዎ ካበጠ፣ ወይም ሽንትዎ በጣም ካነሰ ቀጠሮ አይጠብቁ፤ በዚያው ቀን ድንገተኛ ክፍል ይሂዱ። የዋጡትን መድኃኒት ማሸጊያም ይዘው ይሂዱ።