ብሎክ ያደረግሽው ሰው በሌላ አካውንት ሲመጣ

እህቴ፣ ጥያቄሽን አነበብኩት። ፍሪጅ ለመሸጥ ፌስቡክ ላይ ስልክ ቁጥርሽን ለጠፍሽ። ፍሪጁ ተሸጠ፤ አንድ የማታውቂው ሰው ግን ቴሌግራም ላይ ይነዘንዝሽ ጀመር። ብሎክ ስታደርጊው በሌላ አካውንት ይመጣል። አሁን ደግሞ ዋትሳፕ ላይ አገኘሽ። "ቁጥር ልቀይር ወይ?" ብለሻል። ስለ ባልሽ አጎት ያነሳሽው ሌላ ጉዳይ ስለሆነ መጨረሻ ላይ እመጣበታለሁ።

ቁጥር አትቀይሪ። ባንኩም፣ ቴሌብሩም፣ የልጆችሽ ትምህርት ቤትም በዚሁ ቁጥር ነው የሚያውቁሽ። ለአንድ ሥራ ፈት ብለሽ ይህን ሁሉ ጣጣ ምን አመጣው?

እኔ ቴሌግራም ላይ ጫማ እሸጣለሁ። ቁጥሬ ቻናሉ ላይ ለዓመታት ተለጥፎ ስለኖረ እንዲህ ዓይነቱን ሰው ከሰላምታው አውቀዋለሁ። "38 ቁጥር አለ?" ብሎ ይጀምራል። ጫማውን አይገዛም። ማታ ላይ "ድምፅሽ ደስ ይላል" ይመጣል። ብሎክ አድርገሽው ስታበቂ በነጋታው ፎቶ በሌለው አካውንት "ዛሬም አኮረፍሽ?" ይልሻል፤ ዓይኑን በጨው አጥቦ።

ብሎክ የሚዘጋው ያንን አካውንት ብቻ ነው። የመጣበት መንገድ ክፍት ከሆነ አዲስ ሲም አውጥቶ ይመለሳል። ስለዚህ መጀመሪያ በምን እንዳገኘሽ እወቂ። አብዛኛውን ጊዜ በስልክ ቁጥር፣ በዩዘርኔም ወይም ሁለታችሁም ባላችሁበት ግሩፕ ነው። ያንቺ ቁጥር ነው፤ እሱን እንዝጋው።

ቴሌግራም ላይ ሴቲንግ ውስጥ "ፕራይቬሲ ኤንድ ሴኩሪቲ" የሚለውን ክፈቺ፣ ከዚያ "ፎን ነምበር"። ማን ቁጥሬን ይይ ለሚለው "ኖባዲ" በይ። ብዙ ሰው እዚህ ላይ ጨረስኩ ብሎ ይወጣል። አትውጪ። "ኖባዲ" ስትይ ከታች ሌላ ጥያቄ ይከፈታል፤ በቁጥሬ ማን ያግኘኝ የሚል። እሱ "ኤቭሪባዲ" ላይ ከቆየ፣ ቁጥርሽን ስልኩ ላይ ሴቭ ያደረገ ሁሉ አካውንትሽ ይመጣለታል። "ማይ ኮንታክትስ" አድርጊው።

አሁን ወደ ስልክሽ ማውጫ ግቢና የገዢዎችን ስም ፈልጊ። "ፍሪጅ"፣ "ፍሪጅ 2"፣ "ፍሪጅ ሲኤምሲ" ብለሽ የመዘገብሻቸው አይጠፉም፤ እኔም "ጫማ ቦሌ" እያልኩ መአት ሰው ሞልቼ ነበር። ከእነዚህ አንዱ እሱ ከሆነ "ማይ ኮንታክትስ" ያልሽው ሁሉ እሱንም ይጨምራል። በሩን ዘግተሽ ቁልፉን እንደሰጠሽው ቁጠሪው። ስለዚህ አጥፊያቸው። ዕቃው ተሸጧል፣ ምን ያደርጉልሻል?

ከዚህ በፊት ሲጽፍልሽ ዩዘርኔምሽን አይቶ ሊሆን ስለሚችል እሱንም ቀይሪው፤ ካላስፈለገሽ ባዶ ተይው። "ግሩፕስ ኤንድ ቻነልስ" የሚለውንም ወደ ኮንታክት ብቻ አውርጂው፤ አለበለዚያ እያነሳ የማታውቂው ግሩፕ ውስጥ ይከትሻል። የጋራ ግሩፕ ካላችሁ ደግሞ ብሎክ ብታደርጊውም እዚያ የምትጽፊውን ያያል። ወይ አንቺ ውጪ፣ ወይ አድሚኑን በውስጥ መስመር አናግረሽ አስወጪው። ከማላውቀው ሰው መልእክት አይግባብኝ ለማለት ግን ቴሌግራም ፕሪሚየም ይጠይቃል፤ በብር ነው። እኔ አልገዛሁትም፣ ያለሱም ይሆናል።

ዋትሳፕ ይለያል። እዚያ አካውንትሽ ማለት ቁጥርሽ ነውና ቁጥሩን ከያዘ ሰው መደበቅ አይቻልም። የሚያየውን መቀነስ ግን ይቻላል። ፎቶሽን፣ ላስት ሲንሽን፣ ስታተስሽን ለኮንታክት ብቻ አድርጊ። "ሳይለንስ አንኖውን ኮለርስ" የሚለውን ካበራሽው የማታውቂው ቁጥር ሲደውል ስልክሽ አይጮኽም፤ ጥሪው ግን ዝርዝሩ ውስጥ ይታይሻል። ከ2023 ጀምሮ ያለ ነገር ነው፣ የሚጠቀመው ሰው ማነሱ ይገርመኛል።

ፌስቡክ ላይ ያ የፍሪጅ ማስታወቂያ አሁንም አለ አይደል? ሂጂና አጥፊው። የመሸጫና መግዣ ግሩፕ ላይ የተለጠፈ ቁጥር ካላጠፋሽው በራሱ አይጠፋም። ቁጥርሽን ፌስቡክ መፈለጊያውና ጉግል ላይ ጽፈሽም እዪ፣ የረሳሽው የድሮ ፖስት ሊወጣ ይችላል። ፌስቡክ ላይ ብሎክ ስታደርጊው ደግሞ ያለውንና ወደፊት የሚከፍተውን አካውንት ጭምር ብሎክ ላድርግ ወይ ብሎ ከጠየቀሽ እሱን ምረጪ። ኢንስታግራምም ይህ ምርጫ አለው። ሁሉንም ይይዛል ማለት አይደለም፣ ግን ያደክመዋል።

ይህን ሁሉ አድርገሽም ብሎክ ከመንካትሽ በፊት አንድ ሥራ አለ፤ ማስረጃ። ቴሌግራም ላይ አንዱ ወገን የተጻጻፋችሁትን ከሁለታችሁም ስልክ ላይ ማጥፋት ይችላል። ዛሬ የሰደበሽን ነገ ላታገኚው ነው። ስክሪንሹት ስታነሺ ስድቡን ብቻ አታንሺ፤ የፕሮፋይሉ ገጽ ከነዩዘርኔሙ፣ ቁጥሩ ከታየም ከነቁጥሩ፣ ቀኑም ይግባ። መልእክቶቹን ወደ "ሴቭድ ሜሴጅስ" ፎርዋርድ አድርጊያቸው። እሱ ዋናውን ቢያጠፋ እዚያ ያለው ቅጂ አይጠፋም።

ነገሩ ከመነዝነዝ አልፎ ማስፈራራት ከሆነ ፖሊስ ጋ መሄድ ትችያለሽ። የኮምፒውተር ወንጀል አዋጅ ቁጥር 958/2008 አንቀጽ 13 ላይ ይህ በግልጽ አለ፤ መልእክት እየደጋገሙ በመላክ ሰውን ማስፈራራትና ማስጨነቅ ወንጀል ነው። "የራቁት ፎቶሽን እለቀዋለሁ" የሚል ከሆነ ደግሞ ስቶፕ ኤንሲአይአይ የሚባል ነጻ አገልግሎት አለ። ፎቶው ከስልክሽ ሳይወጣ የዲጂታል አሻራውን ብቻ ይወስዳል። ፌስቡክ፣ ኢንስታግራምና ቲክቶክ በዚያ አሻራ ፎቶው እንዳይሰራጭ ይከለክላሉ። የሚያገለግለው ከ18 ዓመት በላይ ለሆነ ሰው ነው። ገንዘብ ከጠየቀሽ አትላኪ፤ አንዴ የከፈለ ሰው ደግሞ እንደሚከፍል ያውቃሉ።

ኮሜንት ላይ አንዳንዶቻችሁ "ወንድምሽ ደውሎ ይጩህበት" ብላችኋል። እኔ አይመስለኝም። እንዲህ ዓይነቱ ሰው የሚፈልገው መልስ ነው፣ ስድብም ቢሆን መልስ ነው። "ብሎክ ላደርግህ ነው" እያልሽም አታስጠንቅቂው። ዝም ብለሽ ዝጊ።

አሁን ወደ ባልሽ አጎት። እያንዳንዱ ፎቶ ሥር "ቀሚሱ አጠረ" እያሉ ይጽፋሉ አልሽ። እሳቸውን ብሎክ እንዳታደርጊ! ለአማትሽ ይደወላል፣ ከዚያ ሽማግሌ ነው የሚላክብሽ። ፌስቡክ ላይ "ሪስትሪክትድ" የሚባለው ዝርዝር ውስጥ አስገቢያቸው። ጓደኛሽ እንደሆኑ ይቀራሉ፣ እዚያ እንዳስገባሻቸው የሚነግር መልእክት አይደርሳቸውም፤ የሚያዩት ግን ለሁሉም ክፍት ያደረግሽውን ብቻ ነው። የበዓል ፎቶና የሐዘን መግለጫ ለሁሉም ክፈቺ፣ ቀሚሱን ለጓደኛ ብቻ። ኢንስታግራም ላይ "ሪስትሪክት" ካልሻቸው የሚጽፉት ኮሜንት ለራሳቸው ይታያቸዋል፣ አንቺ ካልፈቀድሽ ሌላ ሰው አያየውም። ዋትሳፕ ስታተስሽን "ማይ ኮንታክትስ ኤክሴፕት" አድርገሽ ስማቸውን ምረጪ። ቴሌግራም ላይ የሚልኩልሽን ረጅም ምክርም "ሚዩት" አድርገሽ "አርካይቭ" ውስጥ ክተቺው፤ ሲመቸሽ ታነቢዋለሽ።

"ምነው ፎቶ መለጠፍ ተውሽ?" ካሉሽ ሥራ በዝቶብኝ ነው በያቸው።

ያልኩሽ ቦታ ላይ ካጣሽው ስልክሽ አይፎን ይሁን አንድሮይድ እዚሁ ጻፊልኝ፣ የሜኑው አቀማመጥ ትንሽ ይለያያል።