ያረጀ የቁልፍ መጽሐፍ ገንዘብ ያወጣል?

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ ጤና ይስጥልኝ። ሜሪላንድ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ነው የምኖረው። አንድ ቁልፍ ሠሪ ዘንድ ተቀጥሬ ሙያውን መማር ከጀመርኩ ስምንት ወሬ ነው። ባለፈው ቅዳሜ አንድ ሽማግሌ ጋራዣቸውን ሲያራግፉ ስለ ፒክ አሠራር የተጻፉ ሦስት መጻሕፍት አየሁ። አንዱ የ1980ዎቹ ነው፣ ሁለቱ ከዚያም ይቀድማሉ። ለሦስቱ 40 ዶላር አሉኝ። አለቃዬ «ሁሉም ነገር ቪዲዮ ላይ አለ፣ ገንዘብህን አትጣል» ይለኛል። እርስዎ ምን ይላሉ?

መልስ፦ ልጄ፣ አለቃህ ግማሽ እውነት አለው። ግን ሳታገላብጥ አትግዛ፣ ሳታገላብጥም አትተው። ሽማግሌው አይቸኩሉም፤ ጋራዥ ሊያራግፉ ነው የወጡት። (ይህን ዓምድ ለሚያነቡ ሌሎች፦ ፒክ የምንላት ቁልፍ ሲጠፋ መቆለፊያ የምንከፍትባት ቀጭን ብረት ናት።)

መጀመሪያ ሥዕሎቹን እይ። እኔ ሙያውን ስጀምር የገዛሁት መጽሐፍ ስልሳ የሚያህል የፒክ ቅርጽ ነበረው፤ እባብ የመሰለ፣ የግመል ሻኛ የመሰለ፣ ምን ያልመሰለ አለ! አንዱም ላይ ልኬት አልተጻፈም። እኔ ሞኙ ሁለት ክረምት ሙሉ ስሞርድ ከርሜ ሠላሳ ያህሉን ሠራሁ። ዛሬ ቦርሳዬ ውስጥ ያሉት አራት ናቸው፤ ሦስቱ ያው መንጠቆ ሆነው በከፍታ ብቻ ይለያያሉ። ቅርጽ ብቻ የሚደረድር መጽሐፍ ከሆነ መልሰህ አስቀምጠው።

ልኬት ካለው ግን ቆም በል። የድሮዎቹ ብዙ ጊዜ 0.025 ኢንች ውፍረት ያለው ብረት ያዝዛሉ፤ 0.6 ሚሊሜትር ገደማ ነው። ሰፊ የቁልፍ ቀዳዳ ላለው በር ይበቃል። ጠባብና ጥምዝምዝ ያለ ቀዳዳ ሲገጥምህ ግን ብረቱ ራሱ መንገዱን ይዘጋብሃል፤ ያን ጊዜ እኔ 0.015ቷን ነው የማነሣው። ስለዚህ ቁጥሩን እንዳለ አትገልብጥ። ደራሲው ያን ውፍረት ለምን እንደመረጠ ይነግርሃል ወይ? ስሱ እንደልብ ይገባል፣ ግን ይጎብጣል፤ ወፍራሙ ጉልበት አለው፣ ግን መላወሻ ያሳጣሃል። ይህን የሚያስረዳ ሰው በእጁ ሠርቶ ያየ ሰው ነው።

የብረት ጠባይም አያረጅም። ፒክ ልትሠራ የመጋዝ ምላጭ ግራይንደር ላይ ስትስል ጫፉ ወደ ሰማያዊ ከዞረ ጥንካሬው እየለቀቀው ነው። ትንሽ ሳል፣ ውሃ ውስጥ ንከር፣ ደግሞ ሳል። የጥንቱ መጽሐፍ ለዚህ ሁለት ገጽ ከሰጠ ደስ ይበልህ፤ እኔ ያየኋቸው ቪዲዮዎች እዚህ ቦታ ላይ ቆርጠው ያለቀውን ፒክ ነው የሚያሳዩት።

የሚያረጀው መቆለፊያው ነው። ወገቡ እንደ ክር ማጠንጠኛ ስለሰረጎደ ፒን (ፒን መቆለፊያው ውስጥ ቁልፉ የሚያነሣት ትንሽ ብረት ናት) ተጽፏል ወይ ብለህ ፈልግ። ሲሊንደሩ፣ ቁልፍ ገብቶ የሚያዞረው ክፍል፣ ትንሽ ዞሮ ተከፈተ ስትል ቀጥ የሚለው በእሱ ነው። ስለ እሱ ትንፍሽ የማይል መጽሐፍ ለዛሬ በር ብዙ አይረዳህም።

እጅግ ያረጀውስ? ብራማ የሚባለው እንግሊዛዊ መቆለፊያውን ሱቁ መስኮት ላይ ሰቅሎ ለከፈተው 200 ጊኒ (የድሮ የእንግሊዝ ገንዘብ) እሰጣለሁ ብሎ ነበር። ከስድሳ ዓመት በላይ የከፈተው ጠፋ። በ1851 አሜሪካዊው ሆብስ ለዚያች መቆለፊያ ብቻ የሚሆን መሣሪያ ሠርቶ፣ በ16 ቀን ውስጥ 51 ሰዓት ያህል ታግሎ ከፈታት። በ1853 ለንደን ላይ ቶምሊንሰን ያዘጋጀው የመቆለፊያ መጽሐፍ የሆብስን ልምድ ይዟል። ዬል የሚባለው አሜሪካዊ ሁላችን በር ላይ ያለውን ዓይነት መቆለፊያ ፓተንት ያስደረገው በ1861 እና በ1865 ነውና መጽሐፉ ያንተን በር አያውቀውም። እኔ ግን ሦስት ጊዜ አንብቤዋለሁ። መሣሪያ ከመቆለፊያው እንደሚወለድ የገባኝ ከዚያ ነው፤ ስልሳ ቅርጽ ቀድሞ ሞርዶ በር መፈለግ የእኔ ሞኝነት ነበር። ከሦስቱ አንዱ እሱ ከሆነ ግን ለንባብ ብለህ አትክፈል፤ የቅጂ መብቱ ስላለቀ በነፃ ይወርዳል።

የ1980ዎቹ ልኬትና ስለ ብረት ምዕራፍ ካለው እስከ 20 ዶላር ስጥበት። አንድ ነገር ደግሞ አትርሳ፤ የገጾቹን ዳር እይ። ሁለተኛ የገዛሁት መጽሐፍ ላይ አንድ የማላውቀው ቁልፍ ሠሪ ከአሥራ ሁለት ቅርጾች አጠገብ በእርሳስ «አይሠራም» ብሎ ጽፎ ነበር። ከአንዱ አጠገብ ደግሞ «ጫፉን አሳጥረው»። አሳጠርኩት። ከአራቱ አንዷ እሷ ናት።