ላፕቶፕና ሞኒተር፦ ለጠየቃችሁኝ መልስ

ላፕቶፕ ላይ ሞኒተር ስለመሰካት ብዙ ጠይቃችኋል። እስቲ በየተራ እንያቸው።

ገመዱን ሰካሁት፤ ሞኒተሩ ግን «ኖ ሲግናል» ይላል። ተበላሽቶ ይሆን?

አይዞህ፣ ጽሑፉን ማሳየት ከቻለ ስክሪኑ ይሠራል ማለት ነው። መጀመሪያ በሞኒተሩ ቁልፎች ኢንፑቱን፣ ማለትም ምስል የሚቀበልበት ቀዳዳ የትኛው እንደተመረጠ ተመልከት። ገመዱ ያለው ኤችዲኤምአይ 1 ላይ ሆኖ ሞኒተሩ ኤችዲኤምአይ 2ን የሚጠብቅ ከሆነ ምንም አይመጣም። ቀጥሎ የዊንዶውስን ቁልፍ ይዘህ «P» የሚለውን ፊደል ተጫን። ከሚመጡት አራት ምርጫዎች «ኤክስቴንድ» የሚለውን ምረጥ፤ ሁለቱ ስክሪኖች እንደ አንድ ሰፊ ጠረጴዛ ይሆኑልሃል። አሁንም እንቢ ካለ ሌላ ገመድ ሞክር።

የኔ ላፕቶፕ ያለው ዩኤስቢ ሲ ብቻ ነው። በስልኬ ቻርጀር ገመድ ሞኒተሩ ላይ ብሰካው ዝም አለ።

ይሄ ብዙ ሰው የሚሸወድበት ነገር ስለሆነ ረጋ ብለን እንየው። ዩኤስቢ ሲ የቀዳዳው ቅርጽ ስም ነው። በውስጡ ምን እንደሚያልፍ አይነግርሽም። አንዳንዱ ቻርጅና ፋይል ብቻ ያስተላልፋል፤ ሌላው ምስልም ይጨምራል። ምስል እንዲወጣ ቀዳዳው «ዲስፕሌይፖርት አልት ሞድ» የሚባለውን መቻል አለበት። ተንደርቦልት 3 ወይም 4 (ያው ቅርጽ ያለው ፈጣን ቀዳዳ) ከሆነ ይችላል። ምልክት የማይጻፍበት ላፕቶፕ ስላለ የሞዴሉን ሙሉ መግለጫ ማንበብ ይሻላል።

ቀዳዳው ቢችልም ገመዱ ሊከለክልሽ ይችላል። ከስልክ ጋር የሚመጡት ብዙዎቹ ገመዶች ምስል የሚያልፍባቸው ሽቦዎች ውስጣቸው የሉም። ስለዚህ ላፕቶፑን ከመውቀስሽ በፊት ምስል እንደሚያስተላልፍ የተጻፈበት ገመድ ተውሰሽ ሞክሪ። እባክሽ ሳታጣሪ አዲስ አዳፕተር አትግዢ።

አሮጌው ሞኒተሬ ቪጂኤ ብቻ ነው ያለው፤ ላፕቶፑ ደግሞ ኤችዲኤምአይ።

ይሠራል፣ ግን ተራ ገመድ አይበቃም። ኤችዲኤምአይ ዲጂታል ነው፣ ቪጂኤ አናሎግ። መሃል ላይ የሚቀይር ቺፕ ያለው መቀየሪያ ያስፈልጋል። አቅጣጫውን ልብ በሉ፦ ከኤችዲኤምአይ ወደ ቪጂኤ የሚቀይረውና የተገላቢጦሹ የተለያዩ ዕቃዎች ናቸው። ቪጂኤ ድምፅ አያስተላልፍም።

4ኬ ሞኒተር ላይ ማውሱ ይንቀራፈፍብኛል።

በ30 ኸርዝ፣ ማለትም ምስሉ በሰከንድ 30 ጊዜ ብቻ እየታደሰ፣ እየሠራህ ይመስለኛል። 1.4 የተባለው የኤችዲኤምአይ ስሪት በ4ኬ ከ30 ብዙም አያልፍም፤ 60 ለማግኘት 2.0 ያስፈልጋል። ላፕቶፑ፣ ገመዱና ሞኒተሩ ሦስቱም መቻል አለባቸው። አንዱ ከደከመ ሁሉም በእሱ ልክ ይሄዳል። ዕቃ ከመቀየርህ በፊት ግን የዊንዶውስ ዲስፕሌይ ሴቲንግ ውስጥ ገብተህ ቁጥሩ ራሱ 30 ላይ ተቀምጦ እንዳይሆን እይ።

ሞኒተሩን ስሰካ የላፕቶፑ ድምፅ ጠፋ።

ድምፁ በኤችዲኤምአይ ወደ ሞኒተሩ ሄዷል። የድምፅ ምልክቱን ነክተሽ የላፕቶፑን ስፒከር መልሰሽ ምረጪ።

ሌላ ኮምፒውተር በኤችዲኤምአይ ሰክቼ ላፕቶፔን እንደ ሞኒተር ልጠቀምበት?

አይሆንም። የላፕቶፕ ኤችዲኤምአይ በተለምዶ መውጫ ብቻ ነው።

ኤም 1 ማክቡክ ኤር አለኝ። ሁለት ሞኒተር ሰክቼ አንዱ ብቻ በራ።

ችግሩ ያንተ አይደለም። ኤም 1ም ሆነ ኤም 2 ኤር በራሱ የሚያወጣው ለአንድ ተጨማሪ ሞኒተር ብቻ ነው። ሁለተኛ ከፈለግህ ዲስፕሌይሊንክ የሚባል ቺፕ ያለው ዶክ (ብዙ ቀዳዳ ያለው ማገናኛ) አለ፤ የራሱን ሶፍትዌር መጫን ይጠይቃል። ለጽሑፍና ለሠንጠረዥ ሥራ ይበቃል። ለጌም ግን አልመክርህም።